የወሰድሽውን መልሺ፦ ካሜራ ለያዘች ልጅ የብርድ ወራት ምክር

ልጄ፣ ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ነውና በምሳሌ ልጀምርልሽ። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይባላል። ካሜራ ከገዛሽ ወዲህ ወሬሽ ሁሉ የፓሪስና የፕራግ ብርድ ሆኗል፤ በረዶ የለበሰ ድልድይ፣ የመንገድ መብራት፣ ተቃቅፈው የሚሄዱ ፍቅረኞች። መመኘትሽን አልነቅፍም፤ ወጣት ካልተመኘ ማን ሊመኝ ነው? ነገር ግን አስቀድመሽ የቆምሽበትን መሬት እዪ። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጠች የወሎ ቦረና ከተማ ናት። በስተ ምዕራብ መሬቱ እየተቆረሰ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። በስተ ሰሜን ሳይንት፣ በስተ ምሥራቅ ለጋምቦ፣ ሁሉም የብርድ አገር ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ሌላው አገር ቢያገኘው በመጽሐፍ አሳትሞ የሚሸጠውን ጉም አንቺ «ልብስ አላደርቅ አለኝ» እያልሽ ትራገሚዋለሽ።

የፕራግን ነገር ካነሣሽ አይቀር፣ ያቺን ከተማ በፎቶ ካስወደዱ ሰዎች አንዱ ዮሴፍ ሱዴክ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቀኝ እጁን አጣ። በቀረችው አንድ እጁ ከባድ ካሜራ እየተሸከመ ዕድሜውን ሙሉ ፎቶ ሲያነሣ ኖረ። ከታወቀባቸው ሥራዎች ብዙዎቹ ግን እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1954 በገዛ ክፍሉ መስኮት በኩል ያነሣቸው ናቸው፤ መስታወቱ ላይ ያረፈ ጤዛና ውርጭ፣ ከደጅ የቆመ አንድ ጠማማ ዛፍ። የፓሪሱ ብራሳይም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሌሊት ሌሊት ከተማውን ሲያነሣ ሸተሩን ከፍቶ የሚቆየውን ጊዜ የሚለካው በሲጋራ ነበር፤ ሲጋራው ነድዶ ሲያልቅ ሸተሩን ይዘጋል። አንቺ ሲጋራውን ተዪውና ትዕግሥቱን ውሰጂ። ሁለቱም አንድ ነገር ያውቁ ነበር፤ ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

ከተማን የፍቅር ከተማ የሚያሰኛት ምኗ ነው? ብርድ ሰውን ያቀራርባል፣ ነገሩ ከዚህ ይጀምራል። ወሎ የትዝታ፣ የባቲ፣ የአምባሰልና የአንቺ ሆዬ አገር ነው፤ ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ የተጠሩት በዚሁ በወሎ ስፍራዎች ስም ነው። ይሁንና የእኛ ሰው ፍቅሩን አደባባይ ላይ አያሰጣውም። አንድ ጋቢ ለሁለት የደረቡ አያትና የልጅ ልጅ፣ ጃንጥላውን ወደ እርሷ አዘንብሎ የራሱን ትከሻ ዝናብ የሚያስመታ ወጣት፣ ከገበያ መልስ በርኖሱን አውልቆ በቅሎ ላይ ለተቀመጠች ሚስቱ የሚያለብስ ገበሬ፣ ጀበና ጥዳ በሩን ገርበብ አድርጋ ጎረቤት የምትጠብቅ እናት፤ ፍቅራችን እነዚህ ውስጥ ነው። ፎቶሽ ይህን ካልያዘ ጉሙ ብቻውን ምንም አይፈይድልሽም።

ወቅቱን ለይተሽ እወቂ። እኛ ዘንድ ሁለት ዓይነት ብርድ አለ። አንዱ የሐምሌና የነሐሴ ነው፤ ዝናብ፣ ጭቃ፣ ጉም። ጉሙ ከዓባይ ገደል ተነሥቶ ሽቅብ እየተሳበ ከተማውን ይሸፍነዋል። በጉም ቀን ብርሃን ከየአቅጣጫው እኩል ስለሚመጣ ጥላ የለም፤ እኩለ ቀን ላይም ቢሆን የሰው ፊት ማንሣት ትችያለሽ። ርቀት ግን ይጠፋብሻል። ስለዚህ ከፊት አንድ ጠቆር ያለ ነገር ፈልጊ፦ የባሕር ዛፍ ግንድ፣ ጃንጥላ የዘረጋ ሰው፣ መብራቱን ያበራ ባጃጅ። ከኋላው ያለው ደረጃ በደረጃ እየደበዘዘ ሲሄድ ፎቶሽ ጥልቀት ያገኛል።

ሁለተኛው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የውርጭ ብርድ ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ያንዘፈዝፋል፣ ማለዳ ላይ ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። የየቤቱ ጭስ ሽቅብ መውጣቱን ትቶ ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ይተኛል። ምክንያቱን ልንገርሽ፦ መሬት ሌሊቱን ሙቀቷን ስትለቅ ለመሬት የቀረበው አየር ይቀዘቅዛል፣ ከበላዩ ያለው ሞቅ ብሎ ይቀራል፤ ጭሱም ከሞቃቱ አየር ሥር ይታገዳል። ይህ የሚቆየው ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቅ ድረስ ብቻ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፤ 3 ሰዓት ሲሆን ጭሱም ለስላሳው ብርሃንም የሉም። ማታ ደግሞ 12 ሰዓት አለፍ ሲል ትጠልቅና ጨለማው ወዲያው ይከተላል። ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ እንደ ፓሪስ የተራዘመ ድንግዝግዝ የለንም። ቦታሽን ቀድመሽ ካልያዝሽ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆንብሻል።

የፀሐይዋንም መንገድ አጥኚ። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ግድግዳና አጥር ጥላ ይጥላል፤ ቀትርም ቢሆን የሚነሣ ነገር አታጪም። በሚያዝያና በነሐሴ ግን አናት ላይ የምትቆምበት ሰሞን አለ። ያኔ ጠራራ ላይ ያነሣሽው ሰው ዓይኑ ጥቁር ጉድጓድ መስሎ ይወጣል። እንዲያ ያለ ቀን ሰውየውን ወደ በረንዳ ወይም ወደ ዛፍ ጥላ አስጠጊው።

ከከተማ ወጣ ስትዪ የቦረና ሳይንት ወረኢመኑ ብሔራዊ ፓርክ አለልሽ፤ እኛ የምናውቀው ዴንቆሮ ጫካ ብለን ነው። ጭላዳው፣ ቀይ ቀበሮው፣ ድኩላው፣ በጉም ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ጅብራ ሁሉም አለ። እዚያ ስትሄጂ የአካባቢውን ሰው ይዘሽ ሂጂ። ጉም ሲወርድ ገደሉ አይታይም። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለበሬ ብቻ አይደለም፤ ዓይኗን ካሜራ ውስጥ ከትታ ወደ ኋላ ለምትራመድም ልጅ ነው። አንድ እርምጃ ከመሄድሽ በፊት ካሜራውን ከዓይንሽ አውርጂ።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። ፊልም ይሻላል ዲጂታል ብለሽ ጠይቀሽኛል። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል። ሁለቱንም ያዢ፣ ግን ለየራሳቸው ሥራ ስጪያቸው።

ፊልም 36 ፎቶ ብቻ አለው። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት እንደሚባለው፣ ጥቂት የያዘ ሰው ይጠነቀቃል። ሸተሩን ሳትጫኚ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ታያለሽ፣ ሰውየው እስኪረጋጋ ትጠብቂያለሽ፣ ከጀርባው የተሰቀለውን ፌስታል አስቀድመሽ ታነሺያለሽ። ያነሣሽውን ወዲያው ስለማታዪው ዓይንሽ ከሰውየው ላይ አይነሣም። ስለዚህ ፊልምን ለማይቸኮልበት ነገር አድርጊው፦ ለሽማግሌ ፊት፣ ለማለዳ ጭስ፣ ለሠርግ ዋዜማ እልፍኝ።

ዲጂታሉ ደግሞ ለሚያመልጥሽ ነገር ነው። ጉም ሲገለጥ፣ የጥምቀት ታቦት ሲያልፍ፣ ፈረስ ሲጋልብ፣ ቤት ውስጥ በኩራዝ ብርሃን። እዚያው አይተሽ ታርሚያለሽ፤ ለባለቤቱም እዚያው ታሳዪዋለሽ። የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1975 ኮዳክ ውስጥ የሠራው ስቲቨን ሳሰን የሚባል ወጣት መሐንዲስ ነው። 3.6 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር፤ አንዲትን ጥቁርና ነጭ ምስል ካሴት ላይ ለማስፈር 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። በፊልም ዓለምን ሞልቶ የነበረው ያው ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ2012 በኪሳራ ሕግ ከአበዳሪዎቹ ተከለለ። ቀን ሲደርስ አምባ ይፈርሳል። ስለዚህ መሣሪያ አታምልኪ። ጊዜ የሚሽረውን ዕቃ ሳይሆን የማይሻረውን ዓይንሽን አሠልጥኚ።

የብርሃን አለካክ ላይ ብዙ ወጣት ሲሰናከል አያለሁ። የካሜራው መለኪያ ያየውን ሁሉ ግራጫ ማድረግ ነው የሚያውቀው። ጉም ወይም ነጭ ነጠላ ሲሞላበት «ብርሃን በዝቷል» ይልና ያጠቁረዋል። ያኔ መለኪያው ከሚለው ላይ አንድ ወይም አንድ ተኩል ስቶፕ ጨምሪ። ጠይም ሰው ነጭ ጉም ፊት ሲቆም መለኪያው የሚሰማው ጉሙን ነው፤ አንቺ ግን ቀረብ ብለሽ ፊቱን ለኪ። ኔጋቲቭ ፊልም ብርሃን ቢበዛበት ይችላል፣ ቢያንሰው ግን ጥላው ውስጥ የነበረው ነገር ፈጽሞ አይገኝም፤ ስለዚህ በፊልም ስታነሺ ለጥላው አስቢ። ዲጂታል ተቃራኒው ነው፤ ነጩ አንዴ ከነጣ አይመለስም፣ ጥላውን ግን በኋላ ታወጪዋለሽ። በዲጂታል ስታነሺ ነጩን ጠብቂ፣ ፋይሉንም ሮው አድርጊው። ዋይት ባላንሱን ለካሜራው ከተውሽለት የምድጃውን እሳት ቅላት ሊያጠፋው ይችላል፤ ራስሽ ወስኚ።

ባትሪ ቢያልቅ፣ መለኪያው ቢበላሽ የድሮዎቹ ደንብ አለ። በጠራ ፀሐይ የሌንሱን ቀዳዳ 16 ላይ አድርጊ፤ የሸተሩን ፍጥነት ከፊልሙ ቁጥር ጋር አቀራርቢ፤ አይኤስኦ 100 ከሆነ 1/125 ሴኮንድ። ሰማዩ ሲዳምን ቀዳዳውን 8 ላይ፣ ጉሙ ሲከብድ 5.6 ወይም 4 ላይ አድርሺው። ደጋ ላይ አልትራቫዮሌት ጨረር ስለሚበረታ የከለር ፊልም የሩቁን ተራራ ሰማያዊ ያደርገዋል፤ የዩቪ ማጣሪያ ሌንሱ ላይ ይኑርሽ። በጥቁርና ነጭ ፊልም ስታነሺ ደግሞ ቢጫ ማጣሪያ ሰማዩን ጠቆር አድርጎ ደመናውን ያወጣልሻል።

ስለ ዕቃው አያያዝም ስሚኝ። ብርድ የባትሪን ጉልበት ይበላል፤ ትርፉን ባትሪ ከጋቢሽ ሥር፣ ለገላሽ አስጠግተሽ ያዢው፣ የደከመውንም እዚያው አሙቂው፤ ጥቂት ነፍስ ይዘራል። ከውርጭ ወጥተሽ እሳት ወደሚነድበት ቤት ስትገቢ ካሜራው ያልበዋል፤ ሌንሱ ብቻ ሳይሆን ውስጡም። ስለዚህ ገና ደጅ ሳለሽ ፌስታል ውስጥ ክተቺና አፉን ቋጥሪ። ጤዛው ፌስታሉ ላይ ያርፋል፤ ካሜራው የቤቱን ሙቀት እስኪለምድ አትፍቺው። ፊልም በብርድ ይደርቃል፣ ይሰበራል፤ ስታጠነጥኚ ቀስ በዪ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ክረምት ላይ ጠላትሽ እርጥበት ነው። የተዘጋ ቦርሳ ውስጥ ከርሞ የወጣ ሌንስ ሻጋታ ይይዛል፤ ሻጋታው መስታወቱ ላይ ሥር ከሰደደ ሌንሱ አለቀለት። ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር አውጥተሽ አናፍሺው፤ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት የሚመጥጡ ከረጢቶች አትጣዪ፣ ቦርሳሽ ውስጥ አድርጊያቸው። ዝናብ ውስጥ ሆነሽ ሌንስ አትቀያይሪ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳትሆኚ።

ፊልሙን ራስሽ ለማጠብ ከፈለግሽ ጥቁርና ነጩን ጀምሪ። እኔ ፎቶ ቤት በነበረኝ ዘመን የከለሩን ፊልም በአውቶቡስ ደሴ እንልክ ነበር፤ ጥቁርና ነጩን ግን እዚሁ ጨለማ ክፍል ውስጥ እናጥብ ነበር። የዴቨሎፐሩ የተለመደ ሙቀት 20 ዲግሪ ነው። የእኛ የታኅሣሥ ውሃ ግን እጅ ያደነዝዛል፤ እንዳለ ከተጠቀምሽበት ኔጋቲቩ ስስና ደካማ ሆኖ ይወጣል። ውሃውን አሙቂ፣ በቴርሞሜትር ለኪ፣ ሰዓት ያዢ። ፊክሰሩን አትቆጥቢ፣ እጥበቱንም አታሳጥሪ፤ በሚገባ ያልታጠበ ፎቶ ከዓመታት በኋላ ይወይባል። ሲደርቅ ነፋስና አቧራ በሌለበት ክፍል ስቀዪው። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው።

እስካሁን የነገርኩሽን ማንም ባለሙያ ይነግርሻል። የሚቀጥለውን ግን ከልብሽ አኑሪው።

ሰው ዕቃ አይደለም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ሳትጠይቂ ካሜራ የደቀንሽበት ሰው የተናቀ ይመስለዋል፣ እውነቱንም ነው። አስቀድመሽ ሰላምታ ስጪ። ሽማግሌውን «አባባ»፣ እናቲቱን «እማማ» ብለሽ፣ የማን ልጅ እንደሆንሽ ተናገሪ። ቡና ከቀረበ ጠጪ፤ አቦሉን ጠጥተሽ በቶናው ካሜራሽን ብታነሺ የሚቀየምሽ የለም። አይሆንም ካሉሽ አመስግነሽ ሂጂ። አንቺ ሴት በመሆንሽ እኔና እኩዮቼ ያልገባንበት ጓዳ ትገቢያለሽ፤ ሙሽራ ሲሠሯት፣ አራስ ሲያርሷት፣ እናቶች ተሰብስበው ሲጫወቱ ታያለሽ። ያ አደራ ነው። ጓዳ የታየ ሁሉ አደባባይ አይወጣም።

ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ስትደርሺ ደጁን የሚጠብቀውን ጠይቂ። ሳይንት ውስጥ እንደ ተድባበ ማርያም ያለ ጥንታዊ ደብር አለ፤ ውስጡን ለማየት እንኳ ሥርዓት አለው፣ ለማንሣትማ ይቅርና። ወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ዕድር የሚቀባበር፣ በአንድ ማዕድ ጎን ለጎን የሚቀመጥ አገር ነው፤ የአንዱን በዓል ያከበረ ካሜራ የሌላውንም ያክብር። ወታደር፣ ኬላና ድልድይ አታንሺ፤ ለአንቺ መልካም ብርሃን የሆነው ለሌላው ጥርጣሬ ነው።

ፍቅረኞችንም በተለይ ተጠንቀቂ። በጉም ውስጥ ተጠጋግተው የሚሄዱ ሁለት ወጣቶች ለዓይን ያምራሉ። ግን ሽማግሌ ተልኮላቸዋል? ቤተሰብ ያውቃል? ያነሣሽውን ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ብትለጥፊው ከማታ በፊት አጎቷ እጅ ይገባል። ከጀርባ ማንሣት ይቻላል፣ በጥላ ማንሣት ይቻላል፣ ቀርቦ ማስፈቀድ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። በሰው ሕይወት ላይ ነገር የሚያመጣ ፎቶ ውበቱ ይቅር።

ይህን ሁሉ የማጠብቅብሽ በምክንያት ነው። የእኛ ደጋ ከካሜራ ጋር የተዋወቀበት ታሪክ የፍቅር ታሪክ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲሞቱ፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር የራሱን ፎቶ አንሺዎች ይዞ መጥቶ ነበር፤ የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች ነበሩ። ያኔ ፎቶ የሚነሣው መስታወት ላይ ነው። መስታወቱን መድኃኒት ቀብቶ፣ ሳይደርቅ አንሥቶ፣ ሳይደርቅ ማጠብ ያስፈልጋል፤ ሁሉም በደቂቃዎች ውስጥ ካላለቀ ይበላሻል። ስለዚህ የጨለማ ድንኳን፣ መድኃኒትና መስታወት በእንስሳ ጭነው ያን ሁሉ ተራራና ገደል ተሻገሩ። በሙያቸው አደንቃቸዋለሁ። ያነሡት ግን ሊይዙት የመጡትን አምባ፣ የራሳቸውን ሰፈርና የራሳቸውን ድል ነበር፤ ፎቶውም ከጦሩ ጋር ተጭኖ ሄደ።

የንጉሡም ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ7 ዓመቱ አብሮ ተወሰደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በዚያው ጉዞ ላይ ሞቱ። በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1868 የአውሮፓ በጋ፣ እንግሊዝ ውስጥ ዋይት በምትባል ደሴት፣ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረችው ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ልጁን አነሣችው። ፎቶዎቹን ሳታዪ አትቀሪም። ብርሃኑን እዪ፣ እንዴት ፊቱ ላይ እንዳረፈ እዪ፤ ከዚያ ዓይኑን እዪ። እ.ኤ.አ. በ1879 ሊድስ ከተማ በ18 ዓመቱ ሞተ፤ መቃብሩ ዊንድዘር ነው። ፎቶው በየሙዚየሙ ይታያል፣ ይደነቃል። ያ ፎቶ ለእናት አልደረሰም፣ ለመቅደላም አልደረሰም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ጥበብ ነበረው፤ የጎደለው ለባለቤቱ መመለስ ነው።

በኋላ ዘመን ሌላ መንገድ መጣ። በአዲስ አበባ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ ለቤተ መንግሥቱ ፎቶ አነሡ፤ ቀስ በቀስም ፎቶ ቤት በየከተማው ተስፋፋ። የፎቶ ቤት ሕጉ ቀላል ነው፦ የተነሣው ሰው ፎቶውን ይዞ ይሄዳል። ጉርድ ፎቶ ለመታወቂያ፣ ቁመት ፎቶ ለግድግዳ፣ ከጀርባው ጽፎ ለሚወዱት ሰው። በየሳሎኑ መስታወት ሥር ተሰክቶ የምታዪው ሁሉ በዚህ ሕግ የመጣ ነው። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው የድሮ ፎቶዎች መጽሐፍ ሊዘጋጅ የቻለውም ሰዎች ፎቶአቸውን በየቤታቸው ስላኖሩት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የዛሬ ወጣት ስልኩ ውስጥ ሺህ ምስል አለው፤ ስልኩ የወደቀ ቀን ግን ለልጁ የሚያሳየው አንድም አይተርፈውም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። የሰው ፎቶ ባነሣሽ ቁጥር የማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ በደብተር ጻፊ። ዲጂታሉን ሁለት ቦታ አኑሪው፤ አንዱ ቅጂ ከቤትሽ ውጭ ይሁን። ኔጋቲቩን ከእርጥበትና ከአይጥ ርቆ በንጹሕ ፖስታ አስቀምጪ። ከዚያ ከተቻለሽ በወረቀት አሳትሚና ለባለቤቱ አድርሺ። ላኪልኝ የሚልሽ ስለማይኖር አትጠብቂ፤ በገበያ ቀን ለጎረቤቱ ስጪው፣ ራሱ ይደርሳል። ገንዘብ ካነሰሽ ትንሿን መጠን አሳትሚ። በሰው ትእዛዝ፣ ዋጋ ተነጋግረሽ የሠራሽው ከሆነ ክፍያሽን ያለ እፍረት ተቀበይ፣ ሙያ ነው፤ ቡና አጠጥተው፣ መርቀው ያስነሡሽን እናት ግን ዋጋ አትጠይቂያቸው። በሚቀጥለው ክረምት ጭቃው ውስጥ ስታልፊ ከየበሩ «ግቢ» ይሉሻል። ያኔ ማንም ቱሪስት በምንም ካሜራ የማያገኘውን ፎቶ አንቺ ታነሺያለሽ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፤ የሰው እምነት ከተጠራቀመ ከሌንስ ይበልጣል።

ፓሪስም ሂጂ፣ ፕራግም ሂጂ፤ ዕድሉ ከመጣ አትቅሪ፣ አይተሽ ነዪ። እዚያም ስትደርሺ ሕጉ ያው ነው። መጀመሪያ ግን የመካነ ሰላምን ክረምት አንሺ። በጥቅምትና በኅዳር በየቤቱ እየዞርሽ አድርሺ፤ ከዚያ በታኅሣሥ ውርጭ ካሜራሽን አዲስ ፊልም አጉርሺው። ጥሩ ፎቶ አንሺ የሚባለው ብዙ ያነሣ አይደለም፣ ያነሣውን ለባለቤቱ ያደረሰ ነው። በዪ ልጄ፣ እደጊ ተመንደጊ፤ ነገ ማለዳ ግን ከ12 ሰዓት በፊት ተነሺ።